አልወለድም ያለው ጽንስና ያልተመለሰው ጋዜጠኛ፤ የልብ ወለድ ጭምብል በኢትዮጵያ ጽሑፍ ታሪክ

በአገራችን ጋዜጠኞችና ደራስያን የመንግሥትን ብልሹ አሠራር በልብ ወለድ ጭምብል ተሸፍነው እንዴት እንደ ተቹ፥ ጭምብሉስ ምን ያህል እንደ ጠቀማቸው ለመመርመር ይህ አጭር ጽሑፍ ተዘጋጅቷል። ለምርመራው መነሻ የሆነን ግን ከሩቅ አገር የመጣ አንድ የሥዕል ታሪክ ነው። ስሙ «ትራንስሜትሮፖሊታን» ይባላል። ጽሑፉን ዋረን ኤሊስ የሚባል እንግሊዛዊ ጻፈው፤ ሥዕሉን ዳሪክ ሮበርትሰን የሚባል አሜሪካዊ ሣለው። ከ1997 እስከ 2002 በአውሮጳ አቈጣጠር በስድሳ ተከታታይ ክፍሎች ታተመ።

ታሪኩ የሚፈጸመው ገና በሚመጣ ዘመን፥ «ከተማው» ተብሎ ብቻ በሚጠራ ስፍራ ነው። ዋናው ሰው ስፓይደር ጀሩሳሌም የተባለ ጋዜጠኛ ሲሆን ራሱ የተላጨ፥ ገላው በንቅሳት የተሞላ፥ ሁለቱ መስተዋቶቹ የማይመሳሰሉ መነጽር የሚያደርግ ቍጡ ሰው ነው። አምስት ዓመት በተራራ ላይ ተደብቆ ከቈየ በኋላ የመጽሐፍ ውል ስላለበት ብቻ ወደ ጠላው ከተማ ይመለሳል። በዚያም ሁለት ፕሬዚዳንቶችን ተራ በተራ ይገጥማል። ፊተኛውን «አውሬው» ይለዋል። የኋለኛው ሁል ጊዜ ፈገግ የሚል ሰው ነው፤ የራሱን ረዳት ሞት እንኳ ለምርጫ ድምፅ መሰብሰቢያ ያደርጋል። ጋዜጠኛው ከብዕሩ በቀር አንድ መሣሪያ አለው፤ እርሱም የሰውን አንጀት የሚያናውጥና ሰውየውን በአደባባይ የሚያዋርድ ጠመንጃ ነው። (ይህን የጎንደር ሽማግሌ ቢሰማ «ኮሶ እያለ ጠመንጃው ለምን አስፈለገ?» ሳይል አይቀርም።) ነገሩ ያስቃል፤ ነገር ግን ከሣቁ በታች ያለው መራራ ነው። ደራሲው ይህን ጋዜጠኛ ሲፈጥር የ1972ቱን የአሜሪካ ምርጫ ተከታትሎ የጻፈውን ሀንተር ቶምፕሰንን በአእምሮው ይዞ እንደ ነበር የታወቀ ነው።

እንዲህ ያለ የሥዕል ታሪክ በአማርኛ አለ ብለን አንከራከርም። በሥዕል ተርታ ታሪክን መንገር ግን ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ የንግሥተ ሳባን ታሪክ በአርባ አራት ክፍል የሚሥሉት ሠዓሊዎቻችን የታወቁ ናቸው። የጐደለን ሥዕሉን ለስላቅ ማዋሉ ነበር። ስላቁ ግን በሌላ መንገድ፥ ይኸውም በቃልና በመጽሐፍ መጥቷል፤ የያዝነውም ጉዳይ ይኸው ነው።

እኛ በማራኪ የምንማር ተማሪዎች ግንቡን በየጊዜው የምናየው ዐፄ በካፋ (ከ1721 እስከ 1730 በአውሮጳ አቈጣጠር የነገሡት) ራሳቸውን ለውጠው በአገሩ እየተዘዋወሩ ሕዝቡ ስለ መንግሥታቸው የሚለውን ይሰሙ ነበር ይባላል። እስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 ወደ ጎንደር በመጣ ጊዜ ይህን ወሬ ሰምቶ ጽፎታል፤ ንጉሡ በእንዲህ ያለ ጉዞ ቋራ ላይ ታመው ሳሉ እቴጌ ምንትዋብን እንዳገኟቸው ይተርካል። ብሩስ ከቍስቋም ቤተ መንግሥት ሰዎች ጋራ የተቀራረበ ስለ ነበረ ወሬው የእቴጌይቱን ወገን ለማስከበር የተቀባባ ሊሆን ይችላል፤ በጥንቃቄ ማየት ይገባል። ለእኛ ጉዳይ ግን እውነት ቢሆንም ተረት ቢሆንም የሚያስተምረው አንድ ነገር አለ። እውነት በቤተ መንግሥት ውስጥ ፊት ለፊት የማትነገር ስለ ሆነች ንጉሡ ራሱ ጭምብል አድርጎ ሊፈልጋት ወጣ ተብሎ ታመነ። በዚያ ዘመን ጋዜጠኛው ንጉሡ ነበር ማለት ነው።

«እረኛ ምን አለ?» የሚለውም ልማድ የዚሁ ወንድም ነው። መኳንንቱ የእረኛውን ዘፈን ያስጠይቁ የነበረው እረኛው በራሱ ስም የማይናገር፥ ሜዳው ያስተጋባውን የሚያሰማ ነው ተብሎ ስለሚታመን ነው። አዝማሪውም በመሰንቆው፥ ደብተራውም በቅኔው ሰምና ወርቅ የሚያደርጉት ያንኑ ነው። ሰሙ ምስጋና ሲሆን ወርቁ ተግሣጽ ሊሆን ይችላል፤ ወርቁን ያወቀ ያውቃል፥ ያላወቀ ያልፋል። ገዢውም ቢሆን ሊቈጣ ቢወድ «ስድቡ ገብቶኛል» ብሎ መመስከር ይኖርበታልና ብዙ ጊዜ ዝም ማለቱ ይሻለዋል።

እዚህ ላይ ስለ ቃላት አንድ ነገር መናገር አስፈላጊ ነው። ዛሬ ሙስና የምንለውን አባቶቻችን ጉቦ ወይም መማለጃ ይሉት ነበር። ከዚህ አጠገብ ግን እጅ መንሻ የሚባል የተከበረ ልማድ ነበረ። በጉልት ሥርዓት የሚኖር ሹም ደመወዝ ስላልነበረው ከሕዝብ የሚቀበለው ግብርና ስጦታ መተዳደሪያው ነበር፤ የት ላይ ግብሩ አልቆ የት ላይ ጉቦው እንደሚጀምር ለመለየት ያስቸግራል። የአገር ግዛት ሹማምንት ደመወዝተኛ እንዲሆኑ በአዋጅ የተወሰነው በ1934 ዓ.ም. ነው። ከዚህ በኋላ ደመወዙን ተቀብሎ ደግሞ ባለጉዳይን የሚያስከፍል ሹም በግልጽ ሌባ ሆነ። እንደሚመስለን ከነጻነት በኋላ የተነሡት ደራስያን ቍጣ ከቀድሞዎቹ የበረታበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። የቀድሞው ተቺ «ሹሙ ጨካኝ ነው» ይል ነበር፤ አዲሱ ተቺ ግን «ሹሙ ሕጉን ራሱ አውጥቶ ራሱ ሰረቀ» ለማለት ቻለ።

ከነጻነት በፊት ግን አንድ ሰው ቀድሟል። በልጅነታቸው ወደ መስኮብ ሄደው የተማሩትና በኋላ በ1923 ዓ.ም. የወጣውን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1910ዎቹ ዓ.ም. «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተባለውን ጽፈው በአዲስ አበባ አሳዩ። የመጀመሪያው የአማርኛ ቴአትር ይኸው ነው። የሚናገሩት እንስሳት ናቸው፤ የሚነቀፈው ግን የዘመኑ አስተዳደር ነበር። ሐሳቡ ከፈረንሳዊው ላፎንቴንና ከመስኮቡ ክሪሎፍ ተረቶች ጋራ የተዛመደ ነው። ተመልካቾቹ መኳንንት ስለ ነበሩ አውሬው ማን እንደ ሆነ ለማወቅ አልተቸገሩም። በንግሥት ዘውዲቱ መንግሥት ጨዋታው ታገደ። የአማርኛ ቴአትር በተወለደ በመጀመሪያው ቀን አፉን ተያዘ ብንል ማጋነን አይሆንም። በቅኔ ጊዜ ሰሚው ዝም ብሎ ሊያልፍ ይችል ነበር፤ በመድረክ ላይ ግን ሁሉም በአንድነት ሲሥቅ ዝም ብሎ ማለፍ አይቻልም።

ጋዜጣውም በዚያው ዘመን ገደማ ነበር የጀመረው። ግሪካዊው አንድሬያስ ካቫዲያስ በ1890ዎቹ ዓ.ም. በእጅ እየተጻፈ የሚባዛውን «አእምሮ» አወጣ፤ «ብርሃንና ሰላም» በ1917 ዓ.ም.፥ «አዲስ ዘመን» ደግሞ በነጻነቱ ዓመት በ1933 ዓ.ም. ተከተሉ። የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት አርባ አንደኛው አንቀጽ የንግግርና የጋዜጣ ነጻነት «በሕግ መሠረት» የተጠበቀ መሆኑን ይናገራል። ማተሚያ ቤቱ የመንግሥት፥ መርማሪው የመንግሥት፥ ጋዜጠኛውም የመንግሥት ደመወዝተኛ በሆነበት አገር «በሕግ መሠረት» የሚሉት ሁለት ቃላት ከቀሩት ቃላት ሁሉ ይከብዱ ነበር።

አቶ አቤ ጉበኛ የተገኙት ከዚህ ነው። በ1925 ዓ.ም. በጎጃም በአቸፈር ተወልደው የቤተ ክህነት ትምህርት ተምረው ወደ አዲስ አበባ መጡ፤ በማስታወቂያ ሚኒስቴርም በጋዜጠኝነት ሠሩ። በ1955 ዓ.ም. «አልወለድም» የተባለውን ልብ ወለድ አሳተሙ። ዘመኑን ማስታወስ ይገባል። የጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና የወንድማቸው የገርማሜ ንዋይ ሙከራ ከከሸፈ ገና ሁለት ዓመት ያህል ነበር። ገርማሜም በወላይታና በጅጅጋ አስተዳዳሪ ሳሉ ከባላባቶቹና ከበላዮቻቸው ጋራ ተጋጭተው እንደ ነበር ሁሉም ያውቃል። ቤተ መንግሥቱ ጥላውን እንኳ የሚጠራጠርበት ጊዜ ነበር።

የመጽሐፉ ብልሃት እንዲህ ነው። በእናቱ ማኅፀን ያለ ጽንስ ወደዚህ ዓለም አልመጣም ብሎ ይከራከራል። ግፍና ድህነት በሰፈነበት አገር ድሃ ሆኖ ከመወለድ አለመወለድ ይሻላል ይላል። ይህ ነገር በአንድ ፊት ቢታይ ቀልድ ነው፤ ሆድ ውስጥ ያለ ልጅ እንደ ጠበቃ ሲሟገት ማን ሰምቶ ያውቃል? በሁለተኛ ፊት ቢታይ ግን በዚያ ዘመን ሊነገር ከሚችለው ሁሉ የከፋ ክስ ነው። ተራ ተቺ «ይህ ሹም ይሻር» ወይም «ይህ ሕግ ይለወጥ» ይላል። ጽንሱ ግን አገሩን በሙሉ ለፍርድ አቅርቦ ለመኖር አይገባም አለው። እንደ አዋጅ ለአደባባይ ቢጻፍ አንድ ቀን ባላደረ ነበር፤ በገና ያልተወለደ ልጅ አፍ ሲነገር ግን መርማሪው ማንን ይክሰስ? ልጁ ዜጋ አይደለም፤ ስሙ በመዝገብ የለም፤ ግብር አይከፍልም።

ይህን የመሰለ የምናብ ሥራ በአማርኛ ከዚያ በፊት አናገኝም ለማለት ባንደፍርም እስከዚህ የደፈረውን ግን አላየንም። ፈረንጆች የሳይንስ ልብ ወለድ የሚሉት ወደ ፊት ሺህ ዓመት ሄዶ ወደ ዛሬ ይመለከታል፤ አቶ አቤ ዘጠኝ ወር ብቻ ወደ ኋላ ሄደው ከዚያ ሆነው ተመለከቱ። ሁለቱም የሚፈልጉት ከዘመኑ ውጭ የሆነ መቆሚያ ነው። በመሬት ላይ ያለ ሰው ሁሉ የሚፈራው አለው፤ ርስት፥ ደመወዝ፥ ልጅ አለው። ጽንሱና ስፓይደር ጀሩሳሌም የሚመሳሰሉት ምንም የሚያጡት ነገር ስለሌላቸው ነው።

ደራሲው ግን የሚያጣው ነበረው። መጽሐፉ ታግዶ ከገበያ ተሰበሰበ፤ እንዲጠፋም ተደረገ። አቶ አቤም ወደ ኢሉባቦር ወደ ጎሬ በግዞት ተላኩ። ጎሬ ንጉሠ ነገሥቱ በ1928 ዓ.ም. ከአገር ከወጡ በኋላ በልዑል ራስ እምሩ የሚመራው መንግሥት የተቀመጠበት ከተማ መሆኑ ይታወቃል። ለአገር ነጻነት የመጨረሻ መጠጊያ የነበረው ስፍራ ሠላሳ ዓመት ሳይሞላው የደራሲ መጋዣ ሆነ። አቶ አቤ ከዚህ በኋላ ብዕራቸውን አልጣሉም። ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ «አንድ ለናቱ» የተባለውን ትልቅ መጽሐፍ በ1961 ዓ.ም. አወጡ፤ በእንግሊዝኛም ጻፉ፤ በብዕራቸው ብቻ ለመኖር ከሞከሩት ጥቂት ኢትዮጵያውያን አንዱ ሆነው በ1972 ዓ.ም. ዐረፉ። እኛ የቋራ አገር ሰዎች «አንድ ለናቱ»ን መውደዳችን አያስደንቅም፤ ነገር ግን በድፍረት በኩል «አልወለድም» ይበልጠዋል ብለን እናምናለን። የሞተን ንጉሥ ጀግንነት መጻፍ ከሕያው መንግሥት ጋራ ከመሟገት ይቀላል።

የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎችም በዚያው ወራት ተመሳሳይ መንገድ ሞክረዋል። በ1953 ዓ.ም. በኮሌጁ በዓል ታምሩ ፈይሳ «ድሃው ይናገራል» የተባለውን ግጥም አሰማ። እዚህም ተናጋሪው ተማሪው አይደለም፤ ድሃው ነው። በእንስሳ፥ በጽንስ፥ በድሃ አፍ መናገር የዘመኑ ልማድ ሆኖ ነበር ማለት ይቻላል።

ከዚህ በኋላ የመጣው ታሪክ ጭምብሉን ያወለቀ ሰው ታሪክ ነው። አቶ በዓሉ ግርማ በኢሉባቦር በሱጴ ተወለዱ። (አንዱ ደራሲ የተጋዙበት ጠቅላይ ግዛት የሌላው የትውልድ አገር መሆኑ አጋጣሚ ነው፤ ይሁን እንጂ ሳያስተውሉት ማለፍ ያስቸግራል።) በኮሌጅ ሳሉ የተማሪዎችን ጋዜጣ አዘጋጅተዋል፤ በአሜሪካ በሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጋዜጠኝነትና ፖለቲካ ተምረው ተመለሱ። «መነን» መጽሔትን፥ «አዲስ ሪፖርተር»ን፥ «አዲስ ዘመን»ንና «ኢትዮጵያን ሄራልድ»ን በየተራ መርተው በደርግ ዘመን በማስታወቂያ ሚኒስቴር ቋሚ ተጠሪ እስከ መሆን ደረሱ። እንግዲህ ይህ ሰው ከውጭ ሆኖ ድንጋይ የሚወረውር አልነበረም፤ ቤቱን ከውስጥ የሚያውቅ ነበር።

በ1974 ዓ.ም. መንግሥት በኤርትራ የቀይ ኮከብ ዘመቻን ሲከፍት አቶ በዓሉ ለፕሮፓጋንዳው ሥራ ወደ አሥመራ ሄዱ። ከዚያ የተመለሱት በ1975 ዓ.ም. የታተመውን «ኦሮማይ»ን ይዘው ነው። ቃሉ ከጣልያንኛ የመጣ ሲሆን ነገሩ አበቃለት፥ ጊዜው አልፏል እንደ ማለት ነው። ዋናው ሰው ፀጋዬ ኃይለ ማርያም የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ነው። እጮኛውን ሮማንን አዲስ አበባ ትቶ ዘመቻውን ለሕዝብ ሊያሳምር ይሄዳል፤ በአሥመራ ፊያሜታን ይወዳል፤ በመጨረሻም የሚዘግበው ድል ድል እንዳልሆነ በናቅፋ ተራራ ሥር በዓይኑ ያያል። ባለሥልጣኖቹ በሌላ ስም ተጠርተዋል፤ ነገር ግን ስሙ ከመለወጡ በቀር መልካቸው፥ አነጋገራቸውና ፉከራቸው እንዳለ ነው። አንባቢ «ይህ እገሌ ነው» እያለ ያነብ ነበር።

ስላቁም ያለው እዚህ ላይ ነው። ስብሰባው፥ መፈክሩ፥ በወረቀት ላይ የሚያልቀው ጦርነት፥ ከግንባሩ ይልቅ ለሆቴሉ የሚጨነቀው ሹም በከባድ አነጋገር ሳይሆን በቀልድ ቀርቧል። ሣቁን እየጨረሰ የሚሄደው ደግሞ ሞት ነው፤ ከገጽ ወደ ገጽ የሚሥቁት ሰዎች ቍጥር ያንሳል። በዚህ በኩል ከስፓይደር ጀሩሳሌም ታሪክ ጋራ የሚቀራረበው «አልወለድም» ሳይሆን «ኦሮማይ» ነው፤ ሁለቱም የሚጠይቁት ጋዜጠኛው ያየውን ይጽፋል ወይስ የታዘዘውን የሚለውን ነው።

መጽሐፉን ያሳተመው የመንግሥት የነበረው ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ነው። ይህ ነገር ብዙ ሰው ሲያስደንቅ ኖሯል። ለእኛ ግን የሚመስለን መርማሪዎቹ የፈሩት ከውጭ የሚመጣውን ጠላት ስለ ነበረ ከራሳቸው ቢሮ፥ ያውም ከአለቃቸው እጅ የወጣውን ጽሑፍ በዚያ ዓይን ሳያዩት እንደ ቀሩ ነው። ስሕተታቸውን ሲረዱ መጽሐፉ ከየመደብሩ ተለቀመ። አቶ በዓሉ ከሥራቸው ተሰናበቱ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤታቸው እንደ ወጡ አልተመለሱም።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ጭምብሉ ጠቅሟልን? ለአንባቢው ጠቅሟል። «አልወለድም» እና «ኦሮማይ» ከታገዱ በኋላ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፉ ተነበቡ፤ «ኦሮማይ» ዳግመኛ ታትሟል፤ በ2025 በአውሮጳ አቈጣጠር ደግሞ በእንግሊዝኛ ተተርጕሞ ወጥቷል። ለደራሲው ግን ጭምብል ጋሻ አልሆነለትም። ፋቡላ በእንስሳት አፍ ቢናገርም ታገደ፤ ጽንሱ ስም ባይኖረውም ደራሲው ስም ስለ ነበረው ተጋዘ፤ የ«ኦሮማይ» ጭምብል ደግሞ ከሁሉ የሳሳ ነበረና ዋጋውም ከሁሉ ከበደ። አንዳንድ ሰዎች «በዓሉ ትንሽ ቢሸፍነው ኖሮ ይተርፍ ነበር» ይላሉ። ይህ ክርክር የሚያረካ አይደለም። አቶ አቤ እስከ ማኅፀን ድረስ ሸፍነውት አልተረፉምና።

ልዩነቱን የሚያመጣው የጭምብሉ ውፍረት ሳይሆን ከደራሲው ኋላ ያለው ነገር ነው። በሥዕሉ ታሪክ ውስጥ ፕሬዚዳንቱ የስፓይደርን ጽሑፍ ከጋዜጣው ያስወጣል፤ ጋዜጣውም ይፈራል። ስፓይደር ግን በስውር የሚሠራ ሌላ ማሰራጫ ያገኛል፤ ሁለት ረዳቶቹና የቀድሞው አዘጋጁም አይለዩትም። አቶ አቤና አቶ በዓሉ በየዘመናቸው አንድ ማተሚያ ቤት እምቢ ቢላቸው ወደ ሌላ የሚሄዱበት መንገድ አልነበረም። ቅድመ ምርመራ በአዋጅ የተሻረው በ1985 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ነው፤ ከ«ኦሮማይ» ዐሥር ዓመት ያህል በኋላ መሆኑ ነው። ከዚያ ወዲህ ያሉት ጋዜጦችና ጋዜጠኞች ያገኛቸው ነገር ራሱን የቻለ ሌላ ጥናት የሚጠይቅ ስለ ሆነ እዚህ አናነሣውም።

የሁለቱ ጋዜጠኞች ፍጻሜም እንደዚሁ ተለያይቷል። ስፓይደር ጀሩሳሌም አእምሮውን ቀስ በቀስ የሚያጠፋ በሽታ ይዞት ፕሬዚዳንቱን ከጣለ በኋላ ወደ ተራራው ይመለሳል። በመጨረሻው ገጽ በአትክልቱ መካከል ብቻውን ተቀምጦ ሽጉጥ ወደ ራሱ ያነሣል፤ አንባቢ ሲደነግጥ ሽጉጡ የሲጋራ መለኰሻ ሆኖ ይገኛል፤ ከመቶ ለአንዱ ብቻ የሚሆነው መዳን ለእርሱ ደርሶት ነበርና ይሥቃል። የአቶ በዓሉ ግርማ መቃብር ግን እስከ ዛሬ አልታወቀም።